የሰርጀሪ ኢሌክቲቭ የት ልውጣ? ሐረር ልቆይ፣ ድሬ ልውረድ ወይስ አዲስ አበባ ልሂድ?

የቀፊራ ልጅ

ሰላም ቤተሰብ። ሐረር ነው የምማረው፤ ሲ-ቱን (ሁለተኛውን የክሊኒካል ዓመት) ልጨርስ ጫፍ ላይ ነኝ። ኢንተርንሺፕ ሳልገባ በፊት በመረጥኩት ዲፓርትመንት የማሳልፋቸው ጥቂት ሳምንታት፣ ማለትም ኢሌክቲቭ፣ ተፈቅደውልኛል። እኔ ደግሞ ዋርድ ከገባሁ ጀምሮ ልቤ ያለው ሰርጀሪ ላይ ነው።

ምርጫው ግን ግራ አጋብቶኛል። አንደኛው እዚሁ ሕይወት ፋና ሆስፒታል መቆየት ነው። ቤቱን አውቀዋለሁ፣ ሲንየሮቹም ያውቁኛል። ሁለተኛው ቤተሰቦቼ ጋ ድሬ ወርጄ ድል ጮራ ሆስፒታል መሥራት ነው። የቤት ኪራይ የለ፣ የእናቴ ምሳ አለ። ሦስተኛው አዲስ አበባ ካሉት ትልልቅ ሆስፒታሎች ለአንዱ ደብዳቤ ማስገባት ነው። ጓደኞቼ «ምን ነካህ፣ አዲስ አበባ ሂድ እንጂ» ይሉኛል። አንዱ ጭራሽ ውጭ አገር ሞክር ብሎኛል።

ለተማሪ የሚጠቅመው የቱ ነው? ስጨርስስ ምን ምን መሥራት መቻል አለብኝ? ያለፋችሁበት ሰዎች እባካችሁ ሳትሰስቱ ጻፉልኝ።

ደንገጎ

አቦ አዲስ አበባ ሂድ! ሳታቅማማ። ኒውሮሰርጀሪው (የአንጎልና የነርቭ)፣ ካርዲዮቶራሲኩ (የልብና የደረት)፣ የሕጻናት ሰርጀሪው እዚያ ነው። እዚህ የማታየውን ታያለህ። ለሬዚደንሲ (ለስፔሻሊቲ ሥልጠና) ስታመለክትም የሚያውቅህ ሰው ይኖራል። ሐረርን ኢንተርን ስትሆን ትጠግባታለህ።

የማታ ዱቲ

@ደንገጎ እዚህ ላይ አልስማማም ወንድሜ።

ተማሪ ሆኜ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ኢሌክቲቭ ወጥቼ ነበር። ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፤ የሥራ ጫናቸው ከባድ ነው፣ አልፈርድባቸውም። ጠረጴዛው ዙሪያ ኮንሰልታንቱ አለ፣ ፌሎው አለ፣ ሲንየር ሬዚደንት አለ፣ ጁንየር ሬዚደንት አለ። ቀጥሎ ኢንተርኑ። እኔ ከኢንተርኑ ጀርባ ደረጃ ላይ ቆሜ የማየው የሰው ትከሻ ነበር። ብርቅ የተባለውን ኬስ ሁሉ ስሙን ደብተሬ ላይ ጽፌ ወጣሁ። ይሄኛው የእኔ ታካሚ ነው ብዬ የተከታተልኩት አንድም ሰው ግን አልነበረም። ኢንተርን ሆኜ የመጀመሪያው ዱቲ ላይ ሆዱን የታመመ ልጅ ሲመጣብኝ ያ ሁሉ ብርቅ ኬስ ምንም አልጠቀመኝም።

አሁን ጀነራል ሰርጀሪ ሬዚደንት ነኝ። ወደ እኛ የሚመጡ ተማሪዎችን አያለሁ። ታካሚውን ከድንገተኛ ክፍል ተቀብሎ እስከ ቀጠሮው ቀን የተከተለ ተማሪ ሲወጣ ሌላ ሰው ሆኖ ነው። ኦ.አር (ቀዶ ሕክምና ክፍል) ውስጥ ሲቆም የዋለው እንደመጣ ይሄዳል።

ሸዋ በር

ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቅከው። በምሥራቁ በኩል ለዓመታት ጀነራል ሰርጀን ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ተማሪም አስተምራለሁ። ረዘም አድርጌ ብጽፍልህ ደስ ይለኛል።

ሆስፒታሉን ከመምረጥህ በፊት ሰውየውን ምረጥ። በስምህ የሚጠራህ፣ ማታ ታካሚ ሲመጣ የሚደውልልህ፣ የጻፍከውን ሂስትሪ (የታካሚውን የሕመም ታሪክ) አንብቦ ስህተትህን የሚያሳይህ አንድ ሲንየር ያስፈልግሃል። እሱን ካገኘህ ሐረርም ይሁን ድሬ ትማራለህ። እሱ ከሌለ የትም ብትሄድ ጎብኚ ነህ። ስለዚህ ደብዳቤ ከማስገባትህ በፊት ሂድና በአካል አነጋግር። «ኢሌክቲቭ መምጣት እፈልጋለሁ፣ ከእርስዎ ጋር መሥራት እችላለሁ?» በል። መልሱን ከፊቱ ታነበዋለህ።

ቀጥሎ የሚመጡትን ኬሶች እይ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የላንሴት የዓለም አቀፍ ቀዶ ሕክምና ኮሚሽን ሪፖርት የአንድን ሆስፒታል አቅም በሦስት ቀዶ ሕክምናዎች ነው የለካው። ሲ-ሴክሽን፣ ላፓሮቶሚ (ሆድ ከፍቶ መሥራት) እና የክፍት ስብራት ሕክምና። እነዚህን ሦስቱን የሚሠራ ቤት ሌላውንም አብዛኛውን መሥራት ይችላል ነው ሐሳቡ። ያው ሪፖርት በዓለም ላይ 5 ቢሊዮን ሰው ደኅንነቱ የተጠበቀና አቅሙ የሚፈቅደው ቀዶ ሕክምና አያገኝም ይላል። ከነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ እኛ ሰፈር ናቸው። አንተ ተመርቀህ የምትመደበውም እነሱ ጋ ነው። ስለዚህ በኢሌክቲቭህ ማየት ያለብህ የልብ ቫልቭ ሲቀየር አይደለም። የተዘጋ አንጀት፣ የተቀደደ ጨጓራ፣ አጥንቱ ቆዳውን በስቶ የወጣ እግር ነው። ይህ ደግሞ ሐረርም ድሬም ሞልቷል።

አንድ ኬስ ላንሳ። ከገጠር ወረዳ አንድ አባት ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ሰገራም ጋዝም አልወጣ ብሏቸው ቀናት አልፎ ይመጣሉ። እዚህ አካባቢ የሠራ ሐኪም ቶሎ ሲግሞይድ ቮልቩለስን (የትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል መጠምዘዝን) ያስባል። በአገራችን ለአንጀት መዘጋት ዋና ዋና ከሚባሉት ምክንያቶች አንዱ ነው። ኢሌክቲቭ ላይ ያለው ተማሪ እኚህን አባት ሲቀበል ሥራው ብዙ ነው። ሂስትሪ ይወስዳል። ሆዳቸውን ይመረምራል፤ ፔሪቶናይትስ (የሆድ ውስጥ ሽፋን መቆጣት) አለ ወይስ የለም የሚለው መንገዱን ለሁለት ይከፍለዋል። ደም ሥር ከፍቶ ፈሳሽ ያስጀምራል። ኤን.ጂ ቲዩብ (ከአፍንጫ ወደ ጨጓራ የሚገባ ቱቦ) ያስገባል። ካቴተር አድርጎ ሽንታቸውን በየሰዓቱ ይለካል። በሰዓት በኪሎ ከ0.5 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ ገና ፈሳሽ ይፈልጋሉ። ኤክስሬዩን ብርሃን ላይ ሰቅሎ ያንን በቡና ፍሬ ስም የሚጠራውን የተነፋ አንጀት በጣቱ ያሳየኛል። አንጀቱ የሞተ ካልመሰለን በሬክታል ቲዩብ (በፊንጢጣ በሚገባ ቱቦ) አየሩን ለማስወጣት እንሞክራለን። ቲዩቡ ሲያልፍ የሚወርደውን አየርና ፈሳሽ ድምፁን ሰምተህ፣ ሽታውን ችለህ፣ የአባትየው ፊት ሲፈታ ካየህ ሰርጀሪን ለምን እንደመረጥክ ማንም አያስረዳህም። አንጀቱ ሞቷል የሚል ጥርጣሬ ካለ ግን ቀጥታ ኦ.አር ነው። አየሩ ቢወጣም እንኳ ደግሞ ሊጠመዘዝ ስለሚችል ኋላ መቆረጥ እንዳለበት ለልጆቻቸው ማስረዳት አለ። «ድነው የለ እንዴ፣ ለምን ይቆረጣሉ?» ይሉሃል። ያን ንግግር ቁጭ ብለህ መስማት፣ ቀጥሎም ራስህ መሞከር አለብህ።

ልብ በል፣ ተማሪው እስካሁን ቢላ አልያዘም። የሰርጀሪን ሥራ ግን አብዛኛውን ሠርቷል።

ከኦፕሬሽኑ በኋላም ታካሚው የአንተ ነው። ራውንድ ከመጀመሩ በፊት ገብተህ እየው። ትኩሳት አለው? ቁስሉ ቀልቷል? ተነስቶ ተራምዷል? ጋዝ ወጥቶለታል? ሞርኒንግ (የጠዋቱ ስብሰባ) ላይ ስትጠየቅ ካርድ እያገላበጥክ አትፈልግ። ታካሚህን በቃልህ እወቀው።

ወደ ምርጫህ ስመለስ፣ ሕይወት ፋና ብትቆይ ጥሩ ነው፤ ሬዚደንቶች አሉ፣ ማስተማር የለመደ ቤት ነው። ድል ጮራ ብትወርድም ጥሩ ነው፤ ከከተማው አልፎ ከምሥራቅ ሐረርጌም ከሱማሌ ክልል ሲቲ ዞንም ታካሚ ይመጣል። እኔ ብሆን የማላውቀውን ቤት እመርጣለሁ። በአንድ ቤት ብቻ የተማረ ሰው የዚያን ቤት ልማድ የሰርጀሪ ሕግ ይመስለዋል።

የቀፊራ ልጅ

ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ያህል ጊዜ ወስደው ስለጻፉልኝ በጣም አመሰግናለሁ። «ሰውየውን ምረጥ» ያሉት ነገር ሐሳቤን ቀይሮታል። በዚህ ሳምንት ድሬ ወርጄ ሁለት ሲንየሮችን ላነጋግር ነው። ኦሮምኛ እችላለሁ፤ ሱማልኛዬ ግን ከሰላምታ አያልፍም። እሱ ያሳስበኛል።

ሸዋ በር

ሱማልኛውን ከሰላምታ ትንሽ አሳልፈው። የት ነው የሚያምህ፣ መቼ ጀመረህ፣ አስታውኮሃል ወይ፣ መጨረሻ መቼ ተጸዳዳህ፣ ቀዶ ተደርጎልህ ያውቃል ወይ። እነዚህን ዓረፍተ ነገሮች ከክፍል ጓደኛህ ተማርና ጻፋቸው። አስታማሚው ሁልጊዜ ጥሩ አስተርጓሚ አይደለም። ሴት ልጅ ከወንድሟ ፊት የማትናገረው ነገር አለ። እንዲህ ሲሆን ቋንቋውን የምትችል ነርስ ጥራ።

ሲስተር ኦ.አር

ልጆች፣ እኔም ልጨምር። ኦ.አር ውስጥ ብዙ ዓመት ስክራብ (ለሰርጀኑ ዕቃ የምታቀብል ነርስ) ሆኜ ሠርቻለሁ። ተማሪ ሲመጣ ደስ ይለኛል፤ ካልተዘጋጀ ግን እሱም ይጎዳል፣ ታካሚውም ይጎዳል።

የቀፊራው ልጅ፣ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ወስደሃል? ካልወሰድክ ዛሬ ጀምር። ሦስት ዶዝ ነው፤ መጀመሪያ፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከዚያ በስድስተኛው ወር። ስለዚህ ኢሌክቲቭ ሲደርስ የሚታሰብ ነገር አይደለም። ብዙ ተማሪ ሰርጀሪ እወዳለሁ ይላል፤ ክትባቱን ስጠይቀው ዝም ይላል።

መርፌ ከወጋህ እንዳትደብቅ። አፍረህ ጓንቱን ቀይረህ አትቀጥል። ውጣ፣ በውኃና በሳሙና ታጠብ፣ ቦታውን አትጭመቀው። ወዲያው ለኃላፊው ንገር። የኤች.አይ.ቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ ሲጀመር ይሻላል። የሚወሰደው ለ28 ቀን ነው። እኛ አንቆጣም። የሚያስቆጣን የደበቀው ነው።

ስትገባ መጀመሪያ ስምህንና ማን እንደሆንክ ለእኛ ተናገር። የጓንት ቁጥርህን እወቅ። ቀለበትና ሰዓት ውጭ ይቅር፣ ጥፍር ይቆረጥ። ስትታጠብ እጅህ ከክርንህ ከፍ ብሎ ይቆይ፤ ውኃው ከጣት ወደ ክርን ይውረድ። ከታጠብክ በኋላ እጅህን ደረትህ ፊት ያዝ። ጋውን ለብሰህ የማትሠራ ከሆነም እጅህን ከወገብህ በታች አታውርድ። የማዮ ጠረጴዛዬ (የኦፕሬሽን ዕቃ መደርደሪያዬ) ላይ ያለውን ዕቃ ሳትጠይቀኝ አትንካ። የነካኸው ነገር ንጹሕ መሆኑን ከተጠራጠርክ ተናገር፣ እንቀይረዋለን። በዚህ የሚስቅብህ ሰው የለም።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ቼክሊስት አለ። 19 ነጥብ ነው፤ በሦስት ጊዜ ይነበባል፦ ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት፣ ቆዳ ከመቆረጡ በፊት፣ ታካሚው ከክፍሉ ሳይወጣ። በብዙ ቦታ ወረቀቱ ላይ ራይት ይደረግና ይታለፋል። አንተ ተማሪ ነህና «እኔ ላንብበው?» ብለህ ጠይቅ። ጮክ ብለህ አንብብ። የጎዝ ቆጠራው ሲጀመር ከእኔ ጋር ቁጠር፣ ሲዘጋም ከእኔ ጋር ቁጠር። ቁጥሩ ካልገጠመ ሆድ አይዘጋም። ሰርጀኑ ቢቸኩልም አይዘጋም።

የማታ ዱቲ

ሲስተር፣ ኑሩልን። ይህን ለተማሪዎቻችን አትሜ እለጥፈዋለሁ።

የማደንዘዣው ልጅ

ማደንዘዣ ባለሙያ ነኝ፣ ድሬ ነው የምሠራው። ከሌላ ቦታ ለሚመጡ ተማሪዎች አንድ የእኛ አገር ነገር ልንገራችሁ። ታካሚን ለኦፕሬሽን ስታዘጋጁ የጫት ነገር ጠይቁ። «ትቅማለህ?» ብላችሁ አታቁሙ። «መጨረሻ የቃምከው መቼ ነው?» በሉ። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንም የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ጨጓራም ቶሎ እንዳይራገፍ ያዘገያል። እኔ ማደንዘዣ ስሰጥ ይህን ካላወቅኩ በጨለማ ነው የምሠራው።

ከምሽቱ ጀምሮ ምግብ አልቀመስኩም የሚል ታካሚ ዋሽቶ ላይሆን ይችላል። ጫት ለእሱ ምግብ አይደለም፤ አብሮት የጠጣው ለስላሳም ምግብ አይደለም። ስለዚህ በዝርዝር ጠይቁ። በቀጠሮ ለሚሠራ አዋቂ ቀለል ያለ ምግብ ከ6 ሰዓት በፊት፣ ንጹሕ ውኃ ከ2 ሰዓት በፊት መቆም አለበት። ድንገተኛ ከሆነ ግን ጨጓራው ሙሉ ነው ብለን ነው የምንነሳው። ይህን ጠይቆ ቻርቱ ላይ የጻፈ ተማሪ ሲመጣ ወዲያው ጠረጴዛው ራስጌ አጠገቤ አቆመዋለሁ። ኤርዌይ (የአየር መተላለፊያው) እንዴት እንደሚያዝም እዚያው አሳየዋለሁ። ሰርጀን ልትሆኑ ብታስቡም ከእኛ ጋር አንድ ቀን ዋሉ።

ፊደል አንድ

ይቅርታ፣ ሲ-ዋን ነኝ፣ ሴት ነኝ። ሰርጀሪ በጣም ነው የምወደው። ግን መጀመሪያ ጊዜ ኦ.አር ስገባ አዞረኝና ሊጥለኝ ነበር። አንድ ሰው «ይሄ ለሴት አይሆንም» አለኝ። እውነት አይሆንም ማለት ነው?

የማታ ዱቲ

እህቴ፣ እኔም ሴት ነኝ፤ ሰርጀሪ ሬዚደንት ነኝ። ያለሽን ሰው ተይው።

ማዞሩ ሴት ወንድ አይልም። ግዙፍ ግዙፍ ወንዶች ሲወድቁ አይቻለሁ። ቁርስ ሳትበዪ አትግቢ። ውኃ ጠጪ። ጉልበትሽን ቆልፈሽ አትቁሚ፣ እግርሽን አንቀሳቅሺ። ላብ ላብ ሲልሽ፣ ጆሮሽ ጭው ሲል «አዞረኝ» በይና ከጠረጴዛው ወደኋላ ርቀሽ መሬት ላይ ቁጭ በይ። ታካሚው ላይ እንዳትወድቂ፣ ዋናው እሱ ነው። ሲሻልሽ ተመለሺ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይለቅሻል።

ጠረጴዛው ከፍ ካለብሽ መቆሚያ ደረጃ ጠይቂ። ሪትራክተር (ቁስሉን ከፍቶ የሚይዘውን መሣሪያ) ስትይዢ ክንድሽን ከጎንሽ አጣብቂ፤ በጡንቻ ብቻ ከጎተትሽ ቶሎ ይደክምሻል። ኢሌክቲቭ ስትመርጪ ሴት ሬዚደንት ወይም ሴት ሰርጀን ያለችበትን ቤት ጠይቂ። ዱቲ ላይ የት ትተኛላችሁ፣ ሽንት ቤቱ ደኅና ነው ወይ፣ ሌሊት ከግቢ መውጣት ቢኖርስ? ይህን መጠየቅ ቅንጦት አይደለም። እኛ ያለፍንበት ነው።

ፊደል አንድ

አመሰግናለሁ እህቴ። አለቀስኩ እኮ።

ሚኒሶታ

እኔ ሐረር ተምሬ አሁን አሜሪካ ነኝ። ውጭ አገር የሚለውን ያነሳ ስላለ ያለውን እውነታ ላስቀምጥ።

አሜሪካ ታካሚ እየነካችሁ የምትሠሩት ኢሌክቲቭ የሚገኘው ተማሪ ሳላችሁ ነው። ከተመረቃችሁ በኋላ ባብዛኛው የሚሰጣችሁ ኦብዘርቨርሺፕ ነው፤ ታያላችሁ፣ አትነኩም። ብዙ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚቀበሉት ቪ.ኤስ.ኤል.ኦ በሚባለው ሥርዓት ነው፤ ለዚያ የእናንተ ዩኒቨርሲቲ ስምምነት ሊኖረው ይገባል። በቀጥታ የሚቀበሉም አሉ። የማመልከቻ ክፍያ አለ፣ የማልፕራክቲስ (የሕክምና ስህተት) ኢንሹራንስ የሚጠይቁ አሉ፣ ቪዛ አለ፣ የቤት ኪራይ አለ። አንዳንዶቹ የዩ.ኤስ.ኤም.ኤል.ኢ (የአሜሪካ የሐኪምነት ፈቃድ ፈተና) ስቴፕ ዋን ውጤትም ይፈልጋሉ። ስቴፕ ዋን ከጥር 2022 ወዲህ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አለፈ ወይም ወደቀ ብቻ ሆኗል። በነጥብ ጎልቶ መታየት ስለቀረ ስቴፕ ቱና የድጋፍ ደብዳቤው ክብደት ጨምሯል።

ጀነራል ሰርጀሪ ደግሞ ከውጭ ለተመረቀ ሰው ከከባዶቹ አንዱ ነው። ብዙዎች የሚያገኙት የአንድ ዓመት ፕሪሊሚናሪ ቦታ ነው፤ ከዚያ በኋላ እንደገና መፈለግ አለ። ገንዘቡም ፍላጎቱም ካላችሁ ሞክሩ። ቤተሰብን ዕዳ ውስጥ ከቶ ለአንድ ወር ትከሻ ለማየት ግን አትምጡ። እኔ እዚህ ኢንተርቪው ላይ የተጠየቅኩት ሁሉ ሐረር ላይ ስለያዝኳቸው ታካሚዎች ነበር። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ በእጄ የሠራሁትን ስነግራቸው ነው ጆሯቸውን የሰጡኝ።

ደንገጎ

@ሚኒሶታ ጥሩ ብለሃል። በአነስተኛ ወጪ መሄድ ለሚፈልግ ግን የተማሪዎች ልውውጥም አለ። የኢትዮጵያ ሕክምና ተማሪዎች ማኅበር የዓለም አቀፉ የሕክምና ተማሪዎች ማኅበራት ፌዴሬሽን አባል ነው። ልውውጡ ብዙ ጊዜ አራት ሳምንት ነው፤ ማደሪያና ቢያንስ በቀን አንድ ጊዜ ምግብ ተቀባዩ አገር ይችላል። ቲኬቱና ቪዛው በራስ ነው። ሰርጀሪ መምረጥ ይቻላል። ግቢያችሁ ውስጥ ያለውን የማኅበሩን ተወካይ ጠይቁ።

አዲስ አበባ የሚለው ላይ ግን አሁንም አልተሸነፍኩም። ሰብስፔሻሊቲ ማየት ዓይን ይከፍታል። እዚህ የምንልከው ታካሚ እዚያ ምን እንደሚደረግለት ማወቅ ለምን ይጠላል?

ሸዋ በር

@ደንገጎ አልጠላሁትም። ሬዚደንት ስትሆን ወይም ኢንተርንሺፕ ጨርሰህ ሂድ፤ ያኔ የምታየውን ታውቃለህ። ሲ-ቱ ላይ ግን መሠረቱን።

ጨርጨር

እኔ የምሠራው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ የተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ነኝ። ይህ ሥልጠና አገራችን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ሰርጀን በሌለበት ቦታ እናትም ሆነ ሆዱ የተቀደደ ሰው መንገድ ላይ እንዳይሞት ነው። ስለ ኢሌክቲቭ ስታወሩ እኛ ስላልተነሳን ልግባ ብዬ ነው።

ተማሪዎች፣ ወደ ሐረርና ወደ ድሬ የሚደርሰውን ታካሚ እናንተ የምታዩት በር ላይ ነው። እኛ የምናየው ከዚያ በፊት ያለውን ነው። ከግራዋ ወይም ከበደኖ በኩል የሚነሳ አምቡላንስ ውስጥ ያለ ሰው ሲደርስ በሕይወት የሚቆየው ስትልከው ባደረግከው ነገር ነው። ደም ሥር ተከፍቷል? አንቲባዮቲክ ተሰጥቷል? ክፍት ስብራት ከሆነ ቁስሉ ተሸፍኗል፣ እግሩ በስፕሊንት ታስሯል፣ ቴታነስ ተወግቷል? ስንት ሰዓት ላይ? ሪፈር ወረቀቱ ላይ «ለተሻለ ሕክምና» ብቻ ብሎ መላክ ታካሚን መወርወር ነው።

የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ። ኢሌክቲቭ ላይ ሳላችሁ ከወረዳ በመጣ ታካሚ ሁሉ የሪፈር ወረቀቱን አንብቡ። የጎደለውን ልብ በሉ፤ ነገ ጻፊዎቹ እናንተ ናችሁ። ታካሚው ሲወጣም የመልስ ወረቀቱን ጽፋችሁ ለሲንየሩ አስፈርሙና ላኩልን። የላክነው ሰው ዳነ፣ ሞተ፣ ምን ሆነ፣ ብዙ ጊዜ አንሰማም። አንጀቱ ተቆርጦ ነው የዳነው ወይስ እኛ አሳስተን ነው የላክነው? ካልነገራችሁን እንዴት እንማር?

ሸዋ በር

ወንድሜ ጨርጨር፣ ይህን ነገር ነገ ሞርኒንግ ላይ አነሳዋለሁ። እውነትህን ነው፣ የመልስ ወረቀት እንደ ተራ ነገር ታይቷል። ከእኔ ጋር የሚሠሩ ተማሪዎች ሁሉ እንዲጽፉ አደርጋለሁ።

የቀፊራ ልጅ

ድሬ ወርጄ ተመለስኩ። ሁለቱንም ሲንየሮች አነጋገርኩ። አንደኛው በጣም ሥራ በዝቶበት ነበር፣ ቆሞ ነው ያናገረኝ። ሁለተኛው ቢሮው አስገብቶ ቁጭ አደረገኝ። «ከኔ ጋር ከሆንክ ዱቲዬ ዱቲህ ነው፣ ስደውል ታነሳለህ» አለኝ። እሺ ብያለሁ። ስለዚህ ድል ጮራ ነኝ!

አሁን ደብዳቤ ላይ ዓላማህን ጻፍ ተብያለሁ። ዶክተር፣ ምን ልጻፍ? ደግሞ እስከዚያው እጄን የማለማምድበት መንገድ ካለ ይንገሩኝ።

ሸዋ በር

በጣም ጥሩ። «ስደውል ታነሳለህ» ያለህን ሰው አጥብቀህ ያዝ።

ደብዳቤው ላይ «የሰርጀሪ ዕውቀቴን ለማዳበር» ብለህ አትጻፍ፤ ሁሉም የሚጽፈው እሱን ነው። የምትችለውን ነገር ጻፍ። አጣዳፊ የሆድ ሕመም ያለበትን ታካሚ ለብቻዬ ተቀብዬ፣ መርምሬ፣ ፈሳሽና ኤን.ጂ ቲዩብ ጀምሬ ለሲንየር ማቅረብ። ቀላል ቁስል አጥቦ መስፋት። እባጭ መክፈት። በሲንየር ፊት ቼስት ቲዩብ (የደረት ቱቦ) ማስገባት ወይም ማገዝ። ስብራትን በጊዜያዊነት ማሰር። የራሴን ታካሚዎች ከመግቢያ እስከ ቀጠሮ መከታተል። ይህን ከጻፍክ ሲንየርህም ምን እንደሚጠይቅህ ያውቃል፤ ሎግ ቡክህም (የሥራ መዝገብህ) በዚያው ይሞላል። ሎግ ቡኩ ላይ ያየኸውን፣ ያገዝከውን፣ ራስህ የሠራኸውን ለያይተህ ጻፍ፣ አትቀላቅል። ያላደረግከውን አድርጌያለሁ ብሎ ማስፈረም የታካሚን ሕይወት ይነካል።

ስለ እጅህ ያልከው፣ ሲስተር ኦ.አር ጊዜው ያለፈበት ክር ካላቸው ለምናቸው። ክሩን ከወንበር እግር ጋር አስረህ ኖት (ቋጠሮ) ተለማመድ። መጀመሪያ በሁለት እጅ፣ ቀጥሎ በአንድ እጅ፣ ከዚያ በግራህ። ሳታይ እስክታስር ድረስ። ለስፌት የዶሮ እግር ከነቆዳው ጥሩ ነው፤ የሙዝ ልጣጭም ይሆናል፣ ቶሎ ስለሚቀደድ እጅህን ያለሰልሰዋል። ኒድል ሆልደሩን (የመርፌ መያዣውን) በቀለበት ጣትህና በአውራ ጣትህ ያዝ፣ መርፌውን ቆዳው ላይ ቀጥ አድርገህ አስገባ፣ ከዚያ የመርፌውን ጥምዝ ተከትለህ አንጓህን አዙር።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የታካሚን ሆድ፣ ቁስል፣ ኤክስሬይ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መለጠፍ በተማሪዎች መካከል ተለምዷል። አታድርገው። ስሙ ባይታይም ሰውየው ሰው ነው። ለትምህርት ከተፈለገ ፈቃዱን ጠይቆ፣ በጽሑፍ፣ በሲንየር በኩል ነው።

ሲስተር ኦ.አር

ክሩ አለኝ። ሲልክም ናይለንም፣ ቀኑ ያለፈ። ሕይወት ፋና ኦ.አር በር ላይ ከሰዓት መጥተህ በስሜ አስጠራኝ፣ በውስጥ መስመር ስሜን ልኬልሃለሁ። የክትባት ካርድህንም ይዘህ ና፣ ሳላይ አልሰጥህም።

የቀፊራ ልጅ

እሺ ሲስተር፣ ነገ ከሰዓት እመጣለሁ። የመጀመሪያውን ዶዝ ትናንት ተወግቻለሁ።

ፊደል አንድ

እኔስ ልምጣ? ክር ይበቃል?

ሲስተር ኦ.አር

ነይ እንጂ የኔ ልጅ። ክሩ ለሁለታችሁም ይበቃል። ካርድሽን ግን አንቺም ይዘሽ ነይ።